የቡድን ግጥሚያ በጀፎረና በኢንተርኔት፤ የሚና ጨዋታና የስልት ጨዋታ ንጽጽር

በቸሃ ቤት ጉራጌ ጎጆዎች ፊት ለፊት እየተያዩ በሁለት ረድፍ ይሠራሉ። በረድፎቹ መካከል ሣር ለብሶ የተዘረጋው ሰፊ መንገድ ጀፎረ ይባላል። ጀፎረ መተላለፊያ ብቻ አይደለም፤ ሙሽራ የሚሸኝበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት፣ የመስቀል ደመራ የሚበራበት፣ ሽማግሎች ለነገር የሚቀመጡበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ፈረሰኛም ፈረሱን የሚያስጋልብበት ነው። የአንድ ሰው ርስት ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ስለ ሆነ፣ አጥሩን ወደ ጀፎረው የሚገፋ ሰው በአገር ሽማግሌ ፊት ይጠየቃል።

ዛሬ ከእምድብር ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለትምህርትና ለንግድ የሚወጣው የቸሃ ወጣት ሌላ ሜዳ ያገኛል። ይህ ሜዳ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ውስጥ ያለ፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው በቡድን በቡድን የሚጋጠሙበት ነው። ወላጆች ብዙውን ጊዜ እንደ ሥራ ፈትነት ይቆጥሩታል፤ ልጆቹም በበኩላቸው አባቶቻቸው ፈጽሞ የማያውቁት አዲስ ነገር አድርገው ያዩታል። ሁለቱም አስተያየት ጉድለት አለበት። በኢትዮጵያ የቡድን ግጥሚያ ከጥንት ጀምሮ በሁለት መንገድ ሲሄድ ኖሯል፤ በኢንተርኔት የሚታዩትም ዋና ዋናዎቹ መንገዶች እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። ልዩነታቸውም ጎልቶ የሚታየው ማን አሸነፈ ተብሎ ሲጠየቅ ሳይሆን፣ ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ምን ይቀራል ተብሎ ሲጠየቅ ነው። (ከዚህ በታች የተጻፈው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሚናና ስልት

የመጀመሪያው ዓይነት የሚና ጨዋታ ይባላል። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ሆኖ ይገባል፤ ስም አለው፣ መሣሪያ አለው፣ የሚጠበቅበት ሥራም አለው። ሁሉን ከላይ አይቶ የሚያዝ የለም፤ እያንዳንዱ የሚያየው በራሱ ዓይን ልክ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት የስልት ጨዋታ ነው። በዚህ ተጫዋቹ ከሜዳው ውጭ ተቀምጦ ብዙ ጭፍራ ያዛል። ከጭፍሮቹ አንዱ ቢሞት አዛዡ አይሞትም፤ እንዲያውም ለድል ሲል አንዱን አውቆ ለሞት ሊሰጠው ይችላል። በመጀመሪያው ዓይነት የሚፈተነው የሰውየው ድፍረትና ታማኝነት ሲሆን፣ በሁለተኛው የሚፈተነው አሳቡ ነው።

የሚና ጨዋታ በሜዳ፤ ጉግስና ገና

በአገራችን የሚና ጨዋታ ሊባል የሚገባው ከሁሉ በፊት ጉግስ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ይሰለፋሉ፤ አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸውም ወደ ኋላ እየዞረ በጋሻው ይመክታል፤ ከዚያም አሳዳጁ ተሳዳጅ፣ ተሳዳጁ አሳዳጅ ይሆናል። ጦር በዘንግ ስለ ተተካ ጨዋታ ሆነ እንጂ፣ ፈረሱም ጋሻውም ሰውየውም የጦርነቱ ናቸው።

የዚህ ጨዋታ ቁልፍ የፈረስ ስም ነው። የኢትዮጵያ ጦረኛ ከወላጆቹ ከተቀበለው ስም ሌላ ከፈረሱ የሚወጣ የጀግንነት ስም ነበረው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለው እንደ ተጠሩ ይታወቃል። ከጉራጌ ጎረቤት ከጨቦ የተወለዱት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በ1907 የጦር ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት፣ የፈረስ ስማቸው አባ መላ ነበር። ከሁሉ ይልቅ በምክርና በዘዴ የታወቁት ሰው በዚህ ስም መጠራታቸው ተገቢ ነበር። የፈረስ ስም ሜዳ ላይ ቢጀመርም ሜዳ ላይ አይቀርም፤ በሸንጎም፣ በሰርግም፣ በለቅሶም ባለቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። በጉግስ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ነውሩ፣ ወገኑን ያዳነም ሰው ክብሩ ከስሙ ጋር ይኖራል።

ገና ደግሞ ያለ ፈረስ የሚደረግ ነው። የላይኛውና የታችኛው ሠፈር ሰዎች ቆልማማ ዱላ ይዘው ሩሯን ወደ ተቃራኒው ወገን ለማሳለፍ ይታገላሉ። የተጫዋቹ ቍጥር አይወሰንም፤ የሜዳውም ልክ እንደ አገሩ አቀማመጥ ነው። በዚህ ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ስለሚጋፉ፣ በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ በምሳሌ ይነገራል። ይህ ምሳሌ ትልቅ የጨዋታ ሕግ ይዟል፤ ይኸውም ከሜዳው ውጭ ያለው ማዕረግ ለጊዜው ይታገዳል፣ በሜዳው የተገኘው ስም ግን ከጨዋታው በኋላ ይቀራል ማለት ነው።

የስልት ጨዋታ በገበታ፤ ገበጣና ሰንጠረዥ

ከሜዳው ዳር፣ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በመኳንንት አዳራሽ፣ ሁለተኛው መንገድ ይገኛል። በሕዝቡ ዘንድ የተስፋፋው ገበጣ ነው፤ ጉድጓድ ከቆፈሩና ጠጠር ወይም ፍሬ ከለቀሙ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ የሚበልጥ የገበጣ አጨዋወት መዝግቧል። ሰንጠረዥ ግን ይበልጡን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ሒሮኒሞ ቢቺኒ የተባለው የቬኒስ ሰዓሊ በ16ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር ሰንጠረዥ መጫወቱ ተጽፏል። በ19ኛው ምዕት ዓመት መባቻም የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ በዚህ ጨዋታ ምሽታቸውን ያሳልፉ እንደ ነበር እንግሊዛዊው ሔንሪ ሶልት መስክሯል።

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በቀይ ጨርቅ ላይ በተሰመሩ መስመሮች ይደረጋል፤ ቤቶቹ ጥቁርና ነጭ እየሆኑ አይፈራረቁም። እያንዳንዱ ወገን ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ አለው። ከሌላው ዓለም የሚለየው ግን አጀማመሩ ነው። ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ተራ አይጠባበቁም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት፣ አንዱ የሌላውን እየተመለከተ ሠራዊቱን ያሰልፋል። ይህ ጊዜ ወረራ ይባላል። ወረራው የሚያበቃው ከሁለቱ አንዱ የመጀመሪያውን ጠጠር ሲበላ ነው፤ ከዚያ በኋላ በተራ በተራ ይሆናል። በጎንደርና በትግራይ የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ይህን አጀማመር ገልጾታል።

ሰንጠረዥ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ቢመስልም በእርግጥ የቡድን ግጥሚያ ነበር። በዙሪያው የተሰበሰቡት ሰዎች ዝም ብለው አይመለከቱም፤ ወገን ለይተው ይመክራሉ፣ ያስጠነቅቃሉ፣ ይከራከራሉ። እጁን የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው ነው፤ አሳቡ ግን የብዙዎች ነው። አሸናፊነቱም በአሸናነፉ ይመዘናል። በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ ማት ያለ ሰው ይመሰገናል፤ በደካማ ጭፍራ ማሸነፍ የአሳብ ብልጫ ስለሆነ ነው።

ይሁን እንጂ ጨዋታው ሲያልቅ ጠጠሮቹ ወደ ከረጢታቸው ይመለሳሉ። ለሚቀጥለው ግጥሚያ የዛሬው አሸናፊ አንድ መደቅ እንኳ አይጨመርለትም፤ ተሸናፊውም አይጎድልበትም። በጉግስ ዝና ይከማቻል፤ በሰንጠረዥ ግን ሁሉም ከእኩል ይጀምራል።

የሚና ጨዋታ በኢንተርኔት

የአሁኑ ዘመን የሚና ጨዋታ መነሻው በ1974 በአሜሪካ የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ ጨዋታ ነው። ይኸው አሳብ ወደ ኢንተርኔት ተሸጋግሮ በ1997 አልቲማ ኦንላይን፣ በ1999 ኤቨርክዌስት፣ በ2004 ወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት ወጡ። ተጫዋቹ አንድ ሰው ይፈጥራል፣ ስም ያወጣለታል፣ ለወራትና ለዓመታትም ያሳድገዋል። ይህ ስም ከፈረስ ስም ጋር አንድ ዓይነት አገልግሎት አለው፤ ወላጅ ያላወጣው፣ ሜዳ ያስገኘው፣ ባልንጀሮች የሚጠሩበት ስም ነው።

በወርልድ ኦፍ ዎርክራፍት የመጀመሪያ ዘመን ለታላላቆቹ ዘመቻዎች 40 ሰዎች በአንድነት ይሰለፉ ነበር፤ በ2007 ለወጡት አዳዲስ ዘመቻዎች ቍጥሩ ወደ 25 ዝቅ ተደረገ። በዘመቻው ውስጥ ሥራ ይከፈላል፤ አንዱ ጋሻ ሆኖ የጠላትን ዱላ ይቀበላል፣ አንዱ የቆሰለውን ያክማል፣ የቀሩት ያጠቃሉ። አካሚው ሥራውን ቢተው ጋሻው ይወድቃል፤ ጋሻው ከወደቀ ሁሉም ያልቃል። ይህን የሚመሩ ማኅበሮች አለቃ፣ ሹማምንት፣ የስብሰባ ሰዓትና የመቀጫ ደንብ አላቸው። ከሌሎች ማኅበሮች ጋር የሚፎካከሩትም አንድን ከባድ ጠላት ቀድሞ በመጣል ነው።

ለአርባ ሰው ግን የሚገኘው ምርኮ ጥቂት ነበር። ጠቡም ከዚህ መጣ። የኤቨርክዌስት ማኅበሮች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት የድራጎን ግድያ ነጥብ የሚባለው ሥርዓት ነው። አባል ሁሉ በዘመቻ በተገኘ ቍጥር ነጥብ ይጻፍለታል፤ ምርኮ ሲመጣ በነጥቡ ይገዛል። ይህን የሚሰማ የመርካቶ ነጋዴ ዕቁብን ማስታወሱ አይቀርም። በዕቁብም አባላት እየተገናኙ እኩል ያዋጣሉ፣ የተጠራቀመው በየተራው ለአንድ ሰው ይደርሳል፣ ዳኛና ጸሐፊም አለው። ልዩነቱ በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዕቁብ የሚወጣው በዕጣ በመሆኑ አዲሱና ነባሩ አባል እኩል ናቸው፤ በነጥቡ ሥርዓት ግን ረጅም ጊዜ ያገለገለ ይቀድማል። ሁለተኛ፣ የደረሰው ዕቁብተኛ ገንዘቡን የሚወስደው ዋስ ጠርቶ ነው። በኢንተርኔት ማኅበር ውስጥ ምርኮውን ይዞ ለሚጠፋ ሰው ዋስ የለም።

ዋስ የማጣት ጉዳት በ2009 በግልጽ ታየ። ኢቭ ኦንላይን በተባለው፣ በ2003 በአይስላንድ ሰዎች በተሠራው ጨዋታ፣ ባንድ ኦፍ ብራዘርስ የሚባል ብርቱ ኅብረት ለዓመታት ሰፊ ግዛት ይዞ ነበር። በየካቲት 2009 ሥልጣን የተሰጠው አንድ የኅብረቱ ሹም ወደ ባላጋራው ወገን ዞሮ ኅብረቱን ከውስጥ አፈረሰው፤ ስሙም ግዛቱም ጠፋ። የብዙ ሰዎች የዓመታት ድካም በአንድ ሰው እጅ ፈረሰ። በሰንጠረዥ እንዲህ ያለ ክህደት ሊደርስ አይችልም፤ ፊልና ፈረስ አይከዱም። በሚና ጨዋታ ግን እያንዳንዱ ጭፍራ የራሱ ልብ አለው።

የስልት ጨዋታ በኢንተርኔት

በ1998 የወጣው ስታርክራፍት የስልት ጨዋታን ለውድድር ያበቃ፣ በተለይም በደቡብ ኮሪያ በቴሌቪዥን እስከ መተላለፍ የደረሰ ጨዋታ ነው። ተጫዋቾች ሀብት ይሰበስባሉ፣ ጦር ያደራጃሉ፣ ይዋጋሉ፤ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ነው። በሌላው ዓለም ይህ አሠራር ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አዲስ ነገር ተደርጎ ይነገራል። የሰንጠረዥን ወረራ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ግን አያቶቹ በቀይ ጨርቅ ላይ ሲሠሩበት የነበረ መሆኑን ይገነዘባል። ልዩነቱ በሰንጠረዥ ወረራው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ በሕግ መገታቱ፣ በስታርክራፍት ግን እስከ መጨረሻው መዝለቁ ነው።

የሸንጎው ምክርም እንዲሁ ተመልሷል። በስታርክራፍት ብዙ ሰዎች አንድ ሠራዊት በጋራ የሚያዙበት አጨዋወት አለ፤ በ2015 በወጣው የሁለተኛው ስታርክራፍት ክፍልም ሁለት ሰዎች አንድ ጦር የሚመሩበት ሥርዓት ተጨመረ። አንዱ ሀብቱን ሲጠብቅ ሌላው ጦሩን ይመራል፤ ካልተመካከሩ አንዱ ያዘዘውን ሌላው ያፈርሰዋል። ይህ የሰንጠረዥ ታዳሚዎች ክርክር ነው፤ ልዩነቱ መካሪዎቹ ሁሉ እጅ የተሰጣቸው መሆኑ ነው።

ከሁለቱ መንገዶች መካከል የቆመ ሦስተኛ ዓይነትም ተወልዷል። ዎርክራፍት 3 ከተባለው የስልት ጨዋታ ተጫዋቾች ራሳቸው በ2003 ዶታን አወጡ፤ በ2009 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ፣ በ2013 ዶታ 2 ተከተሉ። በእነዚህ አምስት ሰው ከአምስት ሰው ይጋጠማል። እያንዳንዱ እንደ ጉግስ ፈረሰኛ አንድ ጀግና ብቻ ይዞ ይገባል፤ ጀግናውም በግጥሚያው ውስጥ እያደገ ይሄዳል፤ ግጥሚያው ሲያልቅ ግን እንደ ሰንጠረዥ ጠጠር ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ለሕዝብ ውድድር ከሁሉ ይልቅ የተስማማውም ይህ ነው። በ2011 በጀርመን አገር በኮሎኝ በተደረገው የመጀመሪያው ታላቅ የዶታ 2 ውድድር ለአሸናፊው ቡድን አንድ ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተከፍሏል። እያንዳንዱ ግጥሚያ ከእኩል ስለሚጀመር ዳኝነቱ ግልጽ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሚና ስላለውም ተመልካች ጀግናና ፈሪ ይለያል።

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1997 ነው። የጨዋታው ማዕከል ባሕር ማዶ ሲሆን ትእዛዝ ደርሶ እስኪመለስ ጊዜ ይፈጃል። በተራ ለሚደረግ ጨዋታ ይህ መዘግየት አይጎዳም፤ ወረራ ለሚመስል ጨዋታ ግን የሰከንድ ክፍልፋይ እንኳ ሽንፈት ያመጣል። ስለዚህ የወልቂጤ ወጣት ከፍራንክፈርት ወጣት ጋር ሲጋጠም ከእኩል ይጀምራል የሚባለው ሕግ በሩቅ ሜዳ ላይ ሙሉ በሙሉ አይሠራለትም።

ከግጥሚያ በኋላ የሚቀረው

ንጽጽሩ ወደዚህ ያደርሳል። የስልት ጨዋታ እኩልነትን ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ትዝታ አለመተዉ ነው። የሚና ጨዋታ ስምና ማኅበር ይሰጣል፤ ዋጋው ቅናት፣ ክህደትና የምርኮ ጠብ ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ የሚና ጨዋታን ጉዳት የሚገታበት ሥርዓት ያስፈልገዋል።

በጀፎረ ይህ ሥርዓት ከጨዋታው ውጭ የቆመ ነበር። ሰባት ቤት ጉራጌ እርስ በርሳቸው ሲዋጉም ሲተባበሩም የኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ከቤቶቹ በላይ ግን የጆካ ሸንጎና ቂጫ የሚባለው የአባቶች ሕግ ነበር፣ ዛሬም አለ። በጉግስ ዘንግ የወረወረብህ ሰው ነገ በአባትህ ለቅሶ አጠገብህ ይቆማል፤ ልጁንም ለልጅህ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ተጋጣሚ ቢሆንም ባዳ አይደለም። ጨዋታው ቢከርር የሚገታው ዳኛ በሜዳው ውስጥ ሳይሆን በኑሮው ውስጥ ነበር። በኢንተርኔት ግን ተጋጣሚ ስሙን ቀይሮ ይጠፋል፤ የጓደኛን ዕቃ የሰረቀም ለሽማግሌ አይቀርብም።

ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት በሜዳው ባለቤትነት ላይ ነው። ሲቲ ኦፍ ሂሮዝ የተባለው የሚና ጨዋታ በ2004 ተከፍቶ በኅዳር 30 ቀን 2012 ባለቤቱ የሆነው ድርጅት ዘጋው። ተጫዋቾቹ ለስምንት ዓመት ያሳደጉት ስም፣ ያቋቋሙት ማኅበር፣ የተገናኙበት አደባባይ በአንድ ቀን ጠፋ፤ ልመናቸውም አልተሰማም። የሜዳው ጌታ ሌላ ስለሆነ የስማቸውም ጌታ ሌላ ነበር። በጀፎረ አጥር የገፋ ሰው ይጠየቃል፤ በዚያ ግን ሜዳውን በሙሉ ያጠረው ሰው የሚጠየቅበት ሸንጎ አልነበረም።

የቸሃ ወጣት በኢንተርኔት በሚያደርገው ግጥሚያ የሚማረው ነገር ከንቱ አይደለም። ሥራ መከፋፈልን፣ ከማያውቁት ሰው ጋር መመካከርን፣ ተሸንፎ እንደገና መሰለፍን ይማራል፤ ይህን አያቱም በፈረስ ጀርባ ተምረውታል። ያ ወጣት ለመስቀል ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ስሙን የሚያቆይለትን ሜዳ የሚያገኘው በጀፎረ ነው። ጀፎረው በአጥርና በባሕር ዛፍ እየጠበበ በሚሄድበት መንደር የሚጠፋው የሣር መሬት ብቻ አይደለም፤ ተጋጣሚ ሳይባዳ የሚጋጠምበት፣ ስም ያለ ጌታ ፈቃድ የሚኖርበት ሜዳ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የጀፎረን ወሰን የሚያስከብር ሽማግሌ የልጆችን መጫወቻ ብቻ ሳይሆን፣ የኢንተርኔት ማኅበሮች እስካሁን ያላገኙትን ነገር እየጠበቀ ነው።